ሮም የገባንባት የመጀመሪያዋ ምሽት

ታናሽ እህታችን ሮም ውስጥ አንዲት አረጋዊት እየተንከባከበች እዚያው ቤታቸው ትኖራለች። ስድስት ዓመት አላየናትም ነበር። ባለፈው ረመዷን እናታችንን ይዘን ልንጠይቃት ስንነሣ፣ የምንገባበት ቀን ሐሙስ እንዲሆን አስበን ነው ትኬት የቆረጥነው። ጣሊያን ውስጥ በአሠሪ ቤት እየኖሩ ለሚሠሩ የተለመደው የዕረፍት ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነውና። እህታችን ከምሽቱ 4 ሰዓት ወደ ሥራዋ መመለስ ነበረባት።

ዕቅዳችን ወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነበር። ሻንጣ ሆቴል አስቀምጠን የትሬቪን ፏፏቴ እናያለን፣ ከዚያ ታላቁ መስጊድ ሄደን እናፈጥራለን፣ ተራዊሕ ሰግደን እንመለሳለን። በ1995 እ.ኤ.አ. የተመረቀው፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት ፓኦሎ ፖርቶጌዚ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር የነደፈው ይህ መስጊድ በእርግጥም ሊታይ የሚገባው ነው። ነገር ግን የሚገኘው በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል ነው፤ እኛ ካረፍንበት ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሩቅ ነው።

መግሪብ የደረሰብን ገና ከፏፏቴው ሳንርቅ፣ መንገድ ላይ ነው። ተምሩ ሆቴል፣ ሻንጣ ውስጥ ተቆልፎበታል። ምግብ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ ብዙዎቹ ለእራት የሚከፍቱት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። ቡና ቤቶቹ መስታወት ውስጥ የተደረደረው ሳንድዊች ደግሞ አብዛኛው የአሳማ ሥጋ ያለበት ነበር። እናታችን አዞራትና ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እህታችን ሮጣ ከመንገድ ዳር ቧንቧ ውሃ ቀድታ አመጣችላት። እናታችን ያን ቀን ጾሟን የፈታችው በዚያ ውሃ ነው። መስጊዱም ቀረ፣ ጨዋታውም ቀረ። ሆቴል እንደገባን እህታችን ሰዓቷን አይታ ተነሣች። ስድስት ዓመት የጠበቅናት ምሽት በመንከራተት አለቀች።

የረዘመው ቀን

ያልገባን አንድ ነገር ነበር። ረመዷን በየካቲትና በመጋቢት ሲውል ሮም ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ፣ በእኛ ሰዓት ምሽት 2 ሰዓት ሆኗል። የሚፈጠረው ባሉበት ቦታ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ፣ አገር ቤት ሱሁር በልቶ ሮም የሚያፈጥር ሰው ቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝምበታል። በዚያ ላይ የአውሮፕላኑ ድካም አለ።

ለመንገደኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲከፍል ፈቃድ መሰጠቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሱረቱል በቀራህ ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል። እናታችን ግን «አቅም እያለኝ ለምን?» ብላ ጾመች። እኛም አላግባባናትም። አዛውንት ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ ይህን ከመነሣቱ በፊት ከኡስታዙ ጋር ቢነጋገርበት ይሻላል። አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

አንድ ምሽት፣ አንድ ሥራ

አሁን ቢሆን ለዚያች ምሽት አንድ ነገር ብቻ እናቅድ ነበር፤ በማረፊያችን አጠገብ ማፍጠር። ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ተርሚኒ ድረስ የሚወስደው ሌዮናርዶ ኤክስፕሬስ ባቡር መንገድ ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ያደርሳል። ብዙ ከሆናችሁና ሻንጣ ከበዛ ግን ወደ መሀል ከተማ የተወሰነ ታሪፍ ያለውን ታክሲ መያዝ ይቀላል።

ተምርና የውሃ መያዣ በእጅ ቦርሳ ይሁን። ሮም ውስጥ «ናዞኒ» የሚባሉ፣ አፍንጫ የመሰለ ቧንቧ ያላቸው የመጠጥ ውሃ መቅጃዎች በየሰፈሩ አሉ፤ ውሃው ንጹሕና ነፃ ነው። ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። ወቅቱ ከሁዳዴ ጋር ሲገጥም ሽሮና ምስር አይጠፋም፤ ሥጋ ከሆነ ግን ሐላል መሆኑን መጠየቅ ግድ ነው። ጣሊያን ምግብ ላማራቸው ልጆች ፒሳ ማሪናራ አለ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት እንጂ ሥጋም አይብም የለበትም። ካርቦናራና አማትሪቻና የሚሠሩት በአሳማ ሥጋ ነው፤ ቲራሚሱ የሚባለው ጣፋጭም ብዙ ጊዜ አልኮል ይገባበታል። «ሴንሳ ማያሌ» ማለት ያለ አሳማ፣ «ሴንሳ አልኮል» ማለት ያለ አልኮል ነው። ሁለቱን ለልጆቹም አስጠኗቸው።

ሱሁርም ከማታው ይታሰብ። የሆቴል ቁርስ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ወቅት ጾም የሚያዘው ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ነው። ዳቦ፣ ሙዝና እርጎ ከመተኛታችሁ በፊት ገዝታችሁ አስቀምጡ። ፏፏቴውም መስጊዱም ነገ እዚያው ናቸው።

እሑድ

እሑድ እህታችን ጠዋት መጣች። የትም አልሄድንም። ከሰዓት በኋላ እናታችን ተኛች፤ እኛ አጠገቧ እያወራን ዋልን። መግሪብ ሲቃረብ ክፍላችን ውስጥ አልጋው ላይ ነጠላ አንጥፈን ተምሩን፣ ውሃውን፣ ከሐበሻ ቤት ያመጣነውን ሳምቡሳና ምስር ደረደርን። እናታችን የመጀመሪያዋን ተምር አንሥታ ለእህታችን አጎረሰቻት። «ሐሙስ ዕለት ይህን ነበር የፈለግሁት» አለች።

እኛም ሐሙስ የጎደለው ምን እንደነበር ያኔ ገባን። ዘንድሮ ዘመድ ልትጠይቁ የምትጓዙ ሁሉ፣ የመጀመሪያዋን ምሽት ባዶ አድርጋችሁ ተዉአት። መልካም ማፍጠሪያ።