ዝርግ ጨርቅ በጉብታማ ገላ ላይ

«ድሪቶ» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ የችግር ምልክት ሆኖ ይሰማል። በሰሜን አሜሪካ ግን ቁርጥራጭ ጨርቆችን በጂኦሜትሪ ሥርዓት ገጣጥሞ፣ ከሥራቸው ስስ ጥጥና ገበር አድርጎ መስፋት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሥራው «ኩዊልት» ይባላል፤ በአብዛኛውም ለአልጋ ልብስነት ያገለግላል። በአላባማ ክፍለ ግዛት ጊስ ቤንድ በተባለች መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካረጁ የሥራ ልብሶች ጭምር የሰፏቸው ኩዊልቶች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ታይተዋል።

እነዚያ ሴቶች ልብሱን ወደ ኩዊልት ለወጡት። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የተገላቢጦሹን መንገድ ነው። ለዓመታት ኩዊልት ስትሰፋ የኖረች ባለሙያ አንድ ቀን የራሷን ሸሚዝ ለመስፋት ብትነሣ ምን ይገጥማታል? የስፌት መኪናውን ታውቀዋለች፤ መቀሱ በእጇ ነው፤ ስፌቷም ዝንፍ አይልም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሸሚዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረት ላይ ይጨንቃል፣ ወገብ ላይ ይንቦረቀቃል። ችግሩ ከእጇ ሳይሆን ከጂኦሜትሪው የመጣ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድመን ቀላሉን ምክንያት እናንሣ። በኩዊልት ሥራ ከስፌቱ መስመር ውጭ የሚተወው የጨርቅ ጠርዝ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። በወረቀት ታትመው በሚሸጡ የልብስ ቅዶች ላይ ግን የተለመደው 1.5 ሴንቲሜትር ነው። ባለሙያዋ እጇ እንደለመደው ብትሰፋ በእያንዳንዱ ጠርዝ 9 ሚሊሜትር ጨርቅ ሳይገባ ይቀራል። ሸሚዙ ከአራት ቁራጭ የተሠራ ከሆነ ዙሪያውን አራት ስፌት፣ ስምንት ጠርዝ አለው። ስለዚህ ሸሚዙ በ7.2 ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ ይህም ከአንድ የልብስ ቁጥር በላይ ነው።

ይህ በማስመሪያ ይታረማል። ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው።

ኩዊልት የሚሰፋ ሰው ስሙን ባያውቀውም አንድ የጂኦሜትሪ ሕግ አጥብቆ ያከብራል፤ በአንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙ ቁራጮች የማዕዘናቸው ድምር 360 ዲግሪ መሆን አለበት። አራት ካሬዎች እያንዳንዳቸው 90፣ ሦስት ጎነ ስድስቶች እያንዳንዳቸው 120፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ የሚሠሩ ስምንት ሮምበሶች እያንዳንዳቸው 45 ዲግሪ ይይዛሉ። በኮከቡ ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢጠብ 8 ዲግሪ ይጎድልና መሐሉ እንደ ድንኳን ይነሣል። ካውያ አያስተኛውም። ባለሙያዋ ይህን እንደ ስሕተት ቆጥራ ትፈታዋለች።

አሁን ከሦስቱ ጎነ ስድስቶች አንዱን አውጥተን በምትኩ እኩል ጎን ያለው ጎነ አምስት እናስገባ። ድምሩ 108 ሲደመር 120 ሲደመር 120፣ ማለትም 348 ይሆናል። 12 ዲግሪ ጎድሏል፤ ጨርቁም ጉብ ይላል። በዚሁ መንገድ 12 ጎነ አምስቶችንና 20 ጎነ ስድስቶችን ብንሰፋ ሁላችንም የምናውቀውን የቀድሞውን የእግር ኳስ እናገኛለን። ኳሱ 60 የመገናኛ ነጥቦች ስላሉት የጠቅላላው ጉድለት 60 ጊዜ 12፣ ማለትም 720 ዲግሪ ነው። ኩብም ቢሆን በስምንቱ ማዕዘኖቹ ላይ በእያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ ስለሚጎድል ያው 720 ይሆናል። ይህን ሕግ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያገኘው ሬኔ ዴካርት ነው። እንግዲህ ለአልጋ ልብስ ስሕተት የነበረው ጉድለት ለኳስ ዋናው ሥራ ሆነ ማለት ነው። ለሸሚዝም እንዲሁ ነው።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 እንዳረጋገጠው፣ አንድን ገጽ ሳንለጥጥና ሳናጨማድድ ብናጥፈው ወይም ብንጠቀልለው ጉብጠቱ አይለወጥም። ወረቀት ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆናል፤ ብርቱካን ላይ ግን ሳይጨማደድ አይቀመጥም። ክንድና እግር ለቱቦ ስለሚቀርቡ ለሰፊው ቀላል ናቸው። ትከሻ፣ ደረትና ዳሌ የኳስ ጠባይ አላቸው። ወገብ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ወደ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ግን ወደ ውጭ ስለሚጎብጥ እንደ ኮርቻ ነው፤ በሒሳብ ቋንቋ ጉብጠቱ ነጌቲቭ ይባላል። (ነጠላና ጋቢ ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቁም፤ ሳይቀደዱ ስለሚለበሱ እጥፋቱን የሚያበጀው ለባሹ ራሱ ነው።)

የልብስ ሰፊው የመጀመሪያ መፍትሔ ከጨርቁ ላይ ሽብልቅ መቀነስ ነው። በደረት አካባቢ የሚታየው ሾጣጣ እጥፋት ለጌጥ የተደረገ አይደለም። 30 ዲግሪ የሚይዝ ሽብልቅ ታጥፎ ሲሰፋ ጨርቁ 30 ዲግሪ ጉብጠት ያገኛል፤ ይህ ጉብጠት በሙሉ የሚከማቸው ግን በእጥፋቱ ጫፍ ላይ ነው። የሰው ገላ እንደ ሾጣጣ ጣሪያ ስላልሾለ፣ ልምድ ያላቸው ሰፊዎች እጥፋቱን ከደረቱ ከፍታ ጥቂት ሴንቲሜትር ቀደም ብለው ያቆሙታል፤ ወይም ለሁለት ይከፍሉታል። ሽብልቅ መጨመር ደግሞ ተቃራኒውን ውጤት ያስገኛል፤ የቀሚስ ጫፍ የሚወዛወዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ በጨርቁ በራሱ ውስጥ ያለ ነው። አንባቢ መሐረቡን አውጥቶ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ይጎትተው፤ እምብዛም አይሳብም። በሰያፍ ሲጎትተው ግን ይረዝማል፣ ወገቡም ይቀጥናል። ክሮቹ አልተለጠጡም፤ የተለወጠው በድርና በማግ መካከል ያለው ማዕዘን ብቻ ነው። ማዕዘኑ ከ90 ወደ 70 ዲግሪ ቢጠብ እያንዳንዷ የሽመና ካሬ ሮምበስ ትሆናለች፤ ረጅሙ ሰያፍ 16 በመቶ ገደማ ይረዝማል፣ አጭሩ 19 በመቶ ገደማ ያጥራል። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ፓፍኑቲ ቼቢሼቭ እ.ኤ.አ. በ1878 ፓሪስ ላይ በሳይንቲስቶች ጉባኤ ስለ ልብስ አቀዳደድ ንግግር ያደረገው በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ነበር። ጨርቅን የማይለጠጡ ክሮች መረብ አድርጎ በመውሰድ ኳስን እንዴት ማልበስ እንደሚቻል አስረዳ። ዛሬም እንዲህ ያለው መረብ በስሙ ይጠራል። ማድሌን ቪዮኔ የተባለችው ፈረንሳዊት ሰፊም በ1920ዎቹ በሰያፍ በተቀደደ ጨርቅ ገላን ተከትለው የሚወርዱ ቀሚሶችን ሠርታለች። ኩዊልት ሰፊዋ ግን የሰያፍ ጠርዝን እንደ ጠላት ነው የምታየው፤ ካሬዎቿን ያጣምምባታልና።

ሌላም ልዩነት አለ። በኩዊልት አንድ ቁራጭ ቢበላሽ የሚጠፋው የመዳፍ ያህል ጨርቅ ነው። በልብስ ግን አንድ የመቀስ ስሕተት ሁለት ሜትር ያስጥላል። እኛም ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ወገቡ 70 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ጉርድ ቀሚስ ለመቅደድ ሞክረን ነበር። የውስጠኛው ክብ ሬዲየስ 70 ለ6.28 ሲካፈል 11.1 ሴንቲሜትር ይወጣል። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ መቀሳችን ግን ከመስመሩ በ1 ሴንቲሜትር ወጣ። ወገቡ 76 ሴንቲሜትር ከመሆኑም በላይ፣ የክቡ አራት ቦታዎች በሰያፍ ላይ ስለሚያርፉ በእጃችን ላይ እያለ ይበልጥ ተሳበ። ደግነቱ ጨርቁ አቡጀዲ ነበር። ብዙ ልብስ ሰፊዎች ውድ ጨርቅ ከመቅደዳቸው በፊት በርካሽ ጨርቅ የሚሞክሩትም ለዚሁ ነው።

ለኩዊልት ሰፊዋ ከሁሉ የሚከብደው እጅጌ ይመስለናል። የእጅጌው አናት ከሚሰፋበት የትከሻ ቀዳዳ ዙሪያ ሆን ተብሎ በጥቂት ሴንቲሜትር ይረዝማል። በእርሷ ሙያ ሁለት ጠርዞች እኩል ካልሆኑ አንዱ ይከረከማል። እዚህ ግን ትርፉ ካልገባ ትከሻው ክብ አይሆንም። ስለዚህ በጠርዙ ላይ ሁለት መስመር ልል ስፌት ትሰፋለች፤ ክሩን በዝግታ እየሳበች ትርፉን ሳይሸበሸብ ታከፋፍለዋለች። ጨርቁ ሱፍ ከሆነ የካውያ እንፋሎት ክሮቹን አቀራርቦ ያግዛታል። ለኩዊልት የለመደችው ድርብብ ያለ የጥጥ ጨርቅ ግን በቀላሉ እሺ አይልም፤ በእርሱ ከጀመረች ትርፉን አነስ አድርጎ የተሠራ የእጅጌ ቅድ ብትመርጥ ይሻላታል።