የአውሮፕላን እንቅልፍ የሚጠፋው ፒያሳ ላይ ነው

«ልጄን ላርስ ሄጄ እኔው ታርሼ መጣሁ።»

አክስቴ ይህን የምትናገረው እየሳቀች ነው። እኛም አብረናት እንስቃለን። ነገሩ ግን ያን ያህል አያስቅም። የዛሬ ሁለት ዓመት ልጇ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የመጀመሪያ ልጇን ስትገላገል፣ አክስቴ የገንፎ እህሉን፣ የአጥሚት ዱቄቱን፣ በርበሬና ሽሮውን ሸክፋ ከአራዳ ተነሳች። ስትደርስ እግሯ አብጦ ጫማው አልገባ ብሏታል፤ ዓይኗ ቀልቷል። የልጅ ልጇን እንኳን በቅጡ ሳታቅፍ ሶፋ ላይ ወደቀች። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀን ተኝታ ሌሊት ቁጭ ነው። ሌሊቱን ከጨቅላ ጋር ስትታገል ያደረች አራስ፣ ቀን ደግሞ ተነስታ ለእናቷ ምሳ ታቀርብ ነበር።

አሁን ሁለተኛው ልጅ ሊመጣ ነው። አክስቴም ልትሄድ ነው። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ቤተሰቡ ውስጥ «ሂሳብ የሚችለው» ተብዬ የሚጣልብኝ ሥራ ብዙ ነው፤ ትኬት፣ ኪሎ፣ ምንዛሪ። በዚህኛው ጉዞ ግን ሂሳቡን የጀመርኩት ከእንቅልፍ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍላ የምትሄደው ለማገዝ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ እገዛው ከምንም ጊዜ በላይ የሚፈለግበት ሳምንት ነው። ያ ሳምንት በእንቅልፍ ከተበላ ከትኬቱ ዋጋ ላይ ትልቁ ቁራጭ ተበላ ማለት ነው።

ኢንተርኔቱ ላይ ስፈልግ ያገኘሁት ምክር ሁሉ ስለ አንገት ትራስና ስለ ዓይን መሸፈኛ ነው። መጥፎ አይደለም። ግን አክስቴ እንቅልፏን ያጣችው አውሮፕላኑ ውስጥ አልነበረም። ፒያሳ ላይ ነው ያጣችው።

ያን ዕለት ምን ሆነ?

አክስቴ የፒያሳ ልጅ ናት። የእሷ ቤት ሳይነካ ቢቀርም፣ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ጎረቤቶቿ ገላን ጉራ ሄዱ፤ ሌሎቹም እዚህም እዚያም ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ የድሮ ሰፈርተኛ የሚገናኘው ለቅሶ፣ ሠርግና ሽኝት ላይ ነው። ስለዚህ የበረራው ዕለት ሁሉም መጣ። ገና ከጠዋቱ ቡና ተፈላ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከገላን የመጡት ዘግይተው ሲደርሱ «ለእነሱ ደግሞ» ተብሎ እንደገና ከአቦል ተጀመረ። የመጨረሻው ስኒ የተጠጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ደግሞ ሻንጣ ስታሰናዳ አድራለች። ወደ አሜሪካ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። አንዱ 26 መዘነ። ተከፈተ። በርበሬው ወጣ፣ ሽሮው ገባ፣ ደግሞ ተመዘነ። እኩለ ሌሊት አለፈ።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና፣ አምስት ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ አየር ላይ ሆኖ መብራት ሲቀንስ፣ ግማሹ ገና ደም ውስጥ አለ። ያውም የአንዱ ስኒ ብቻ ሲታሰብ ነው። አክስቴ የተሳፈረችው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ሳታይ፣ ግን መተኛት በማትችልበት ሁኔታ ነው። እዚያ ላይ የትኛውም ትራስ አያድናትም።

«አየሩ ከብዶኝ ነው»

አክስቴ ጥፋቱን የምትጥለው ከፍታው ላይ ነው። እዚህ ላይ እኛ የአዲስ አበባ ልጆች የምንኮራበት ነገር አለ። አውሮፕላኑ ወደ 11 ሺህ ሜትር ገደማ ቢወጣም፣ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት የሚስተካከለው በማሽን ነው። በቆዩት አውሮፕላኖች የውስጡ አየር ቢሳሳ ቢሳሳ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ቦታ ላይ እንዳለው አየር ነው። ይህ ማለት ፒያሳ ማለት ነው! የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ባስገባው ድሪምላይነርና ከዚያ በኋላ በመጣው ኤ350 ላይ ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። እሱ ባህር ዳር ነው። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሰው በዚህ ከፍታ እንቅልፉ ሊረበሽ ይችላል፤ ጊዮርጊስን እየዞረ ያደገ ሰው ግን ለዚህ ምክንያት የለውም።

የሚከብደው ድርቀቱ ነው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር እርጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው፤ ጉሮሮና ዓይን ያደርቃል። መፍትሔው ውኃን ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት መጠጣት ነው። ወይንና ቢራ እንቅልፍ ያመጣሉ የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፤ ቶሎ ያስተኛሉ፣ ከዚያ ግን እንቅልፉን ይቆራርጡታል።

ከፍታው ግን በሌላ በኩል ይመጣል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ይቀንሳል፤ ሰው፣ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት አይቻልም። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች መንገድ ላይ ያርፋሉ፤ በተለያዩ ጊዜያት ደብሊንና ሎሜ ላይ ሲያርፉ ቆይተዋል። ከዋሽንግተን ሲመለሱ ግን መነሻው ዝቅተኛ ስለሆነ ወደ 13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ ይበራሉ።

ይህ ለእንቅልፍ ምን ማለት ነው? ስትሄዱ አንድ ረጅም እንቅልፍ አትጠብቁ። ሁለት እንቅልፍ አቅዱ። ማታ ከቦሌ ስትነሱ ሰውነታችሁ ራሱ መተኛት ስለሚፈልግ እራቱ ቶሎ ካልመጣ አትጠብቁት፤ ቦሌ በልታችሁ ግቡና ተኙ። ማረፊያው ላይ ንቁ፣ ቁሙ፣ እግራችሁን አፍታቱ። ከማረፊያው በኋላ ያለው ሰዓት ለዋሽንግተን ሌሊት ነው፤ ዋናው እንቅልፍ እሱ ነው። አክስቴ ያን ጊዜ የሐበሻ ፊልም ስታይ ነበር።

የሐበሻ ሰዓት ያግዛል

ሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓት በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ቢስተካከል ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል በእነሱ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ልዩነት አለ። ስለዚህ የአክስቴ አንድ ሳምንት ስንፍና አልነበረም።

ለእናቶቻችን ግን «ሰባት ሰዓት ቀንሺ» ማለት ያደናግራቸዋል። ቀላሉ ይኸውላችሁ፦ በእነሱ በጋ ግድግዳ ላይ ያለውን የሐበሻ ሰዓት አንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ መልሱት፣ በክረምታቸው ሁለት። እዚህ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ በበጋ ከቀኑ በእነሱ አቆጣጠር 1 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ልክ ይመጣል፤ ቀንና ሌሊቱን ብቻ ማሰብ ነው። አክስቴ የሻንጣ መዘጋጃዋ ቀን ጀምሮ በዚህ እየተለማመደች ነው። «አሁን እዚያ ስንት ነው?» ስላት ከእኔ ቀድማ ትመልሳለች።

ስትደርሱ ጠዋት ከሆነ እስኪመሽ ታገሱ፤ የግድ ካላችሁ ግማሽ ሰዓት ሸለብ አድርጉ፣ ከዚያ ውጡና ፀሐይ ይንካችሁ። የሰውነትን ሰዓት የሚያስተካክለው ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ስልክም ብርሃን ነው፤ ለመተኛት ስትወስኑ አጥፉት።

ከሁሉ የሚከብደው መመለሻው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከዋሽንግተን የሚነሳው ረፋድ ላይ ሲሆን አዲስ አበባ የሚገባው በማግስቱ ጠዋት ነው። ወደ ምሥራቅ መጓዝ ሰውነት ገና ከሰዓት ነው እያለ ተኛ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ምግብ ብሉ፣ አንድ ፊልም እዩ፣ ከዚያ እንቅልፍ ባይመጣም ዓይን ሸፍናችሁ ጋደም በሉ።

ጋቢና እግር

ለትራስ ገንዘብ አታውጡ። ጋቢ አለ። ተጠቅልሎ ወገብ ጀርባ ይገባል፣ ሲዘረጋ ብርድ ልብስ ነው። ቀበቶውን ግን ከጋቢው በላይ እሰሩት፤ አውሮፕላኑ ሲናጥ አስተናጋጆቹ ቀበቶ ለማየት አይቀሰቅሷችሁም። እንቅልፋም ወጣት መስኮት ዳር ይያዝ። ለአክስቴ ግን የያዝኩላት መተላለፊያው ዳር ነው። ምክንያቱ እግሯ ነው።

ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ የእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ግን ይገድላል። ስለዚህ ንቁ በሆናችሁበት ጊዜ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ተነሱ፣ ተቀምጣችሁም ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ። ከዚህ በፊት ደም የረጋበት፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክር። አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ቤት ተኝቶ መጠበቅ የለም፤ ሆስፒታል ነው። ከጎረቤት የተገኘ የእንቅልፍ ክኒንም ይቅር፤ ትልልቅ ሰዎችን ያዞራል፣ ለሰዓታትም ሳይንቀሳቀሱ ያቆያል።

ሽኝቱስ?

እንግዲህ እቅዴ ይህ ነበር፦ ሻንጣው ከሦስት ቀን በፊት ይመዘን፣ ሽኝቱ አንድ ቀን ይቀደም፣ የበረራው ዕለት ቡና ከሰባት ሰዓት በኋላ አይፈላ፣ ከሰዓት በኋላ አክስቴ በሯን ዘግታ ትተኛ። ወረቀት ላይ ምንም አይወጣለትም።

አክስቴ አዳመጠችኝና «ከገላን ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡትን ሰዎች ተኝታለች ብለህ ልትመልስልኝ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የጎረቤት ፍቅር ምን ያህል ያወጣል ተብሎ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

ስልክ የደወለችው እሷው ናት። ለቀድሞ ጎረቤቷ «ቅዳሜ ነው የምሄደው፣ አርብ ኑልኝ» አለቻት። በስፒከር ስለነበር መልሱን ሁላችንም ሰማነው፦ «ውይ፣ ታዲያ አርብም ቅዳሜም እንመጣለና!»

ሻንጣው ተመዝኖ ጥግ ተቀምጧል፤ ሁለቱም 23 ናቸው። ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት በኋላ በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ለእንግዶቹ ሻይ አለ።