አቡ ዳቢ ማንን ስትፈትን ኖረች?

በአቡ ዳቢ ከተማም ሆነ በአል ዓይን አንድ ልጅ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» የሚለው አካል ማን እንደሆነ ከዘመን ዘመን ሲለዋወጥ ኖሯል። (ኢትዮጵያን የሚመለከተው ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1971 የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ፌዴሬሽን ከመመሥረቱ በፊት በአካባቢው የነበሩት ጥቂት ትምህርት ቤቶች መጽሐፉንም መምህሩንም የሚያገኙት እንደ ኩዌት ካሉ የዓረብ አገሮች ነበር። ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ለሰባቱም ኤሚሬቶች አንድ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ያዘ፤ ዓረቦቹ «ሳነዊያ አማ» ይሉታል፣ እኛ ማትሪክ ብንለው ያስኬዳል። በ1976 የአገሪቱ የመጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ በአል ዓይን ሲከፈት ፈተናው በር ከፋች ሆነ። ያኔ ጥያቄው ያለቀለት ይመስል ነበር። ዛሬም ግን አላለቀም፤ ያላለቀበት ምክንያት ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ፈተና ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንዳሉትና አቡ ዳቢ ሁለቱን ደጋግማ እያቀላቀለች መምጣቷ ነው። አንደኛው ሥራ ተማሪን መለየት ነው፤ ማን ዩኒቨርሲቲ ይግባ፣ ማን ይቅር። ሁለተኛው ትምህርት ቤትን መመዘን ነው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ልጆቹ በእርግጥ እየተማሩ ነው ወይ? የመጀመሪያውን ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል። ሁለተኛውን ግን ክልሉ፣ እዚህ ላይ የአቡ ዳቢ ኤሚሬት፣ ራሱ በቋሚነት ካልያዘው የሚይዝለት የለም።

ማስረጃው ከመልቀቂያው ፈተና ይጀምራል። በመልቀቂያው ጥሩ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች ሳይቀሩ በአል ዓይኑ ዩኒቨርሲቲ፣ በከፍተኛ ቴክኖሎጂ ኮሌጆችና በ1998 በተቋቋመው ዛይድ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሲደርሱ እንግሊዝኛቸው ትምህርቱን የሚሸከም ሆኖ አይገኝም ነበር። ተቋማቱም «ሴፓ» የሚባል የራሳቸውን የእንግሊዝኛ ፈተና ይሰጡ ጀመር፤ ያልበቃውም የመሰናዶ ጊዜ ይጨመርለታል። ይህን ጊዜ ልብ ማለት ያለብን፣ ዩኒቨርሲቲው የሚኒስቴሩን ወረቀት ተቀብሎ መልሶ ፈተነ ማለት፣ ወረቀቱን አላመነውም ማለት ነው። አቡ ዳቢ በ2005 የራሷን የትምህርት ምክር ቤት ያቋቋመችው በዚህ ድባብ ውስጥ ነበር። ምክር ቤቱ በዋና ከተማዋ፣ በአል ዓይንና ዛሬ አል ዳፍራ በሚባለው ምዕራባዊ ክልል ያሉትን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተረከበ፤ በ2010 ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ የሚሰጥበትን አዲስ አሠራር ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል ጀመረ፤ ከትምህርት ቤት ውጭ የሚዘጋጅ «ኤምሳ» የተሰኘ ምዘናም በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብና በሳይንስ አስፋፋ። ከሁሉም እርምጃዎቹ ይበልጥ የሚከበረው ይህ የመጨረሻው ነው እላለሁ፤ ምንም እንኳ ጋዜጦቹ ያኔ ብዙ የጻፉት ስለ እንግሊዝኛው ቢሆንም።

ክልላዊ ምዘና ምን እንደሚያሳይ ቁጥር ይናገር። ቲምስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብና የሳይንስ ጥናት በ2015 ሲካሄድ የአገሪቱ የ4ኛ ክፍል የሒሳብ አማካይ ውጤት 452 ነበር። አቡ ዳቢና ዱባይ ለየብቻቸውም ስለተመዘኑ ግን ሌላ ሥዕል ወጣ፤ ዱባይ 511፣ አቡ ዳቢ 419። የጥናቱ ማጣቀሻ ነጥብ 500 ነው። በ2019 አገሪቱ ወደ 481፣ አቡ ዳቢ ወደ 441፣ ዱባይ ወደ 544 ከፍ አሉ። ሦስቱም አድገዋል፤ በሁለቱ ኤሚሬቶች መካከል ያለው ልዩነት ግን ወደ 100 ነጥብ እንደተጠጋ ቀረ። የአገር አማካይ ብቻ ቢታይ ይህ ሁሉ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። እዚህ ላይ ተቃውሞ የሚያነሳ ሰው እውነት አለው፤ በዱባይ የሚበዛው ተማሪ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ የሚማር የውጭ አገር ሰው ልጅ ስለሆነ ማነጻጸሩ እኩል መነሻ የለውም። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ራሱ ተጨማሪ ምክንያት ነው፤ የአል ዓይን የመንግሥት ትምህርት ቤት አምና ከነበረው ጋር እንጂ ከዱባይ የግል ትምህርት ቤት ጋር መወዳደር የለበትም፣ ይህን ማነጻጸር የሚችለው ደግሞ በየዓመቱ አንድ ዓይነት መለኪያ የሚይዝ የክልል መዛኝ ነው።

በ2017 ነገሩ ተገለበጠ። የአቡ ዳቢና የሚኒስቴሩ ሥርዓተ ትምህርት አንድ ሆኑ፣ ምክር ቤቱም ስሙ ተቀይሮ የትምህርትና ዕውቀት መምሪያ ተባለ፣ «ሴፓ»ን ደግሞ «ኤምሳት» የተባለው በኮምፒውተር የሚሰጥ ብሔራዊ ፈተና ተካው። ስሙ ከ«ኤምሳ» ጋር ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነበር፤ ተማሪን መለየት። ከዚያ የሆነውን ማንም የማትሪክ ዘመን ሰው ሊተነብየው ይችል ነበር፤ ወላጅ አስጠኚ ፍለጋ ወጣ፣ ልጅም ነጥብ እስኪሞላለት ተመላልሶ ተፈተነ። በኖቬምበር 2024 ሚኒስቴሩ የ12ኛ ክፍል «ኤምሳት»ን ሰረዘ፤ በ2025ም የሁለተኛውን ተርም ማዕከላዊ ፈተና አስቀረ። ፈተና በዛ፣ ልጆች ተጨነቁ የሚለው ክርክር አሸነፈ። ክርክሩን አልነቅፈውም፤ የአንድ ቀን ነጥብ የልጅን ዕድል እንዲቆርጥ ማድረግ የማይደገፍ ነው፣ ዩኒቨርሲቲዎችም መቀበል የሚፈልጉትን በራሳቸው መንገድ መለየት ይችላሉ። ችግሩ ጭንቀቱ ሲነሳ መለኪያውም አብሮ የመነሳት አደጋ መኖሩ ነው። ትምህርት ቤት ራሱ አስተምሮ፣ ራሱ ፈትኖ፣ ራሱ አርሞ የሚሰጠው 95 ምን ያህል እውነት እንደሆነ ማን ያያል?

«የውጭ ቦርዶች አሉ» የሚል መልስ በአቡ ዳቢ ወዲያው ይመጣል፤ ለሐበሻ ወላጅም የሚቀርበው ይኸው ነው። በግል ትምህርት ቤቶች የህንዱ ማዕከላዊ የሁለተኛ ደረጃ ቦርድ፣ የእንግሊዞቹ ካምብሪጅና ኤዴክሴል፣ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት ይሠራሉ፤ ውጤታቸውም ዓለም ላይ ይታወቃል። ተማሪን በመለየት ረገድ አይታሙም። ግን ለራሳቸው ዋና ቢሮ እንጂ ለአቡ ዳቢ ተጠሪ አይደሉም። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ካምብሪጅ ፈተናውን አቋርጦ በስሌት ነጥብ ሰጠ፤ በእንግሊዝ ተቃውሞ ሲነሳ በነሐሴ ወር ከትምህርት ቤቱ ግምት በታች የሆነውን ነጥብ አሻሻለ። በቀጣዩ ዓመት የህንዱ ቦርድ የ10ኛንም የ12ኛንም ክፍል ፈተና ሰረዘ። ውሳኔዎቹ ትክክል ነበሩ አልነበሩም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወሳኙ ግን የአቡ ዳቢ ትምህርት ባለሥልጣን አልነበረም። በተጨማሪም የህንዱን ቦርድ 88 ከካምብሪጅ «ቢ» ጋር አስተያይቶ የቱ ትምህርት ቤት የተሻለ እንዳስተማረ መናገር አይቻልም።

ሁለቱ ሥራዎች ሲቀላቀሉ የሚሆነውን ኢትዮጵያ በገዛ ልጆቿ አይታዋለች። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጠ፤ ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶችም ከ1,000 በለጡ። ፈተናው ተማሪ ሊለይ ወጥቶ ትምህርት ቤቶቹን አጋለጠ። ዕዳውን የከፈለው ግን 12 ዓመት በዚያ ክፍል የተቀመጠው ልጅ ነው። በ4ኛና በ8ኛ ክፍል ላይ ለልጁ ነጥብ የማይቆጠርበት፣ ለቢሮው ግን የሚቆጠርበት ቋሚ ምዘና በየክልሉ ቢኖርና ቢሰማ ኖሮ፣ ይህ ዜና ሆኖ ሊመጣ አይችልም ነበር።

የቀረው ከባድ ተቃውሞ የመዛኙ ነጻነት ነው። የቀድሞው ምክር ቤት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ያስተዳድር፣ የግሎቹን ይቆጣጠር፣ ይመዝንም ነበር፤ ዳኛም ተጫዋችም ነበር። ይህን አልክድም፤ ምናልባት ምዘናው ሥር ያልሰደደውም ለዚህ ይሆናል። ዛሬ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ መንግሥት ስለሆነ መምሪያው ከዚያ ሸክም ወጥቷል። የግል ትምህርት ቤቶችን «ኢርቲቃ» በሚባለው ፍተሻ ይገመግማል፣ ሪፖርቱንም ለወላጅ ይፋ ያወጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ ተቋም አይደለም። ከየትምህርት ቤቱ፣ የግልም የመንግሥትም፣ በናሙና ጥቂት ክፍሎችን መርጦ በሒሳብና በንባብ የሚመዝን፣ የልጁን ስም ከነጥቡ ጋር የማያያይዝ፣ ሚኒስትር በተቀየረ ቁጥር የማይቀየር ፈተና ነው፤ ውጤቱም ለአቡ ዳቢ፣ ለአል ዓይንና ለአል ዳፍራ ተለይቶ ይውጣ።