ታሪክ ተምሮ ምን ይሠራል?

በደሴ ከተማ፣ በሆጤ ሠፈር፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ ሊያጠና ነው ሲባል «ተምሮ ምን ሊበላ?» የማይል ወላጅ ጥቂት ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የታሪክ ትምህርት የነገሥታትን ስም መሸምደድ ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል።

ወሎን እንመልከት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ያደረጉትን የሃይማኖት ጉባኤ ለመመርመር ግዕዝ ያሻል፤ የወሎን ሼኮች ጽሑፍ ለማንበብ ደግሞ ዓረብኛ ግድ ነው። ዶክተር ሁሴን አህመድ ስለ 19ኛው መቶ ዓመት የወሎ እስልምና የጻፉት፣ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ2001 የታተመው መጽሐፍ፣ የዓረብኛውን ጽሑፍ ከሽማግሌዎች ቃል ጋር በማገናዘብ የተዘጋጀ ነው።

ከክፍል መውጣትም ያስፈልጋል። በዚሁ አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሪዎች ሆነው። (ለእኔ ከአጭሩ የዛሬ የሥራ ልምምድ ያ ይበልጥብኛል።)

በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ያለው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል። የቀረውን ለመመዝገብ፣ ስለጠፋውም የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቆ ለመጻፍ የታሪክ ተማሪ እጅ ይፈለጋል። እንግዲህ ልጅዎን ሲያስመዘግቡ፣ የትምህርት ክፍሉ ግዕዝ ወይም ዓረብኛ ያስተምር እንደሆነ፣ ለልምምድም ወዴት እንደሚልክ አስቀድመው ይጠይቁ።