ጥቁሩን ቀለም አትመኑ

ሊትል ሞርተን ሆል ያዘመመ ቤት ነው። የሞርተን ቤተሰብ በእንግሊዝ ቼሺር ውስጥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1500ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1610 ገደማ እየቀጠለ የሠራው፣ ውኃ የሞላበት ቦይ የከበበው፣ ከ1938 ወዲህ ናሽናል ትረስት የተባለ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት የያዘው ቤት ነው። ያጎበጠው ከላይ የተጫነበት ሸክም ነው፤ 21 ሜትር ያህል የሚረዝም አዳራሽ ተቀምጦበታል፣ የአዳራሹ ጣሪያ ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ አጽሙ የኦክ እንጨት፣ ክፍተቱ ማገርና ጭቃ። እንጨቱ ሳይደርቅ ይጠረባል። የአንዱ ምላስ በሌላው ቀዳዳ ይገባና በእንጨት ችንካር ይያዛል። አናጢዎቹ የችንካሩን ቀዳዳዎች ሆን ብለው በጥቂቱ ያዛንፏቸው ነበር፤ ችንካሩ ሲመታ መጋጠሚያውን ስቦ ያጠብቀዋል። እኔ እዚህ ላይ ሁሌም እደነቃለሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። ግቢው ውስጥ ቆሜ፣ አንድ አባት ለልጁ «ይኸውልህ፣ አምስት መቶ ዓመት ሙሉ እንዲህ ጥቁርና ነጭ ነው» ሲለው ሰማሁ። ዝም ማለት አቃተኝ። «ወንድሜ፣ ጥቁሩ እኮ የትናንት ነው!» አልኩት። ይህ ጥቁርና ነጭ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የመጣ ፋሽን ነው። ከዚያ በፊት ኦኩ ሳይቀባ ይተውና ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት ወደ ብርማ ግራጫ ይለወጥ ነበር። በመካከሉ ያለው ምርጊት ደግሞ ቢጫማ አፈር ቀለም ነበረው። አባትየው ግድግዳውን ትክ ብሎ አየና «ታዲያ ለምን አይልጡትም?» አለኝ። መላጡ እንጨቱን እንዳይጎዳው ብዬ ነገርኩት፤ ያመነኝ ግን አልመሰለኝም።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጮህኩ። ኦክና ጭቃ ይተነፍሳሉ፤ ያረጠባቸውን ዝናብ ንፋስ ያደርቀዋል። እንዲህ ያለ ቤት የገዛ ሰው ግን እንጨቱን ሬንጅ ይለቀልቀዋል፣ የተሰነጠቀውን በሲሚንቶ ይደፍነዋል። ውኃው በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ እንጨቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። ባለቤቱ ከዚያ በኋላ «አሮጌ ቤት ዕዳ ነው» ይላል። ጭቃውን በጭቃ፣ ኖራውን በኖራ ጠግን፤ ያን ጊዜ ዕዳው ይቀልልሃል።

ከግቢው ሳልወጣ መስኮቶቹን ተመለከትኩ። ሪቻርድ ዴል የተባለ አናጢ በእግዚአብሔር ጸጋ እንደሠራቸው የሚናገር ጽሑፍ አለባቸው፤ ዘመኑ 1559 ነው። ዴል ዛሬ ቢመለስ መስኮቶቹን በስሙ ይለያቸዋል። ስለ ቀለሙ ቢጠይቁት ግን «እኔ የለሁበትም» ባይ ነው።