ለቅሶ ስለ መድረስ



በቋንቋችን ኀዘንተኛን ለማጽናናት የሄደ ሰው «ለቅሶ ደረሰ» ይባላል። ቃሉ ስለ ንግግር ማማር አንዳች አያወሳም፤ የሚያወሳው ስለ መድረስ ነው። አንደበተ ርቱዕም ይሁን ዝምተኛ፣ መንገዱን አቋርጦ ከኀዘንተኛው ደጅ የተገኘ ሰው ግዴታውን እንደ ፈጸመ ይቈጠርለታል። ታዲያ መንገዱ የተዘጋ እንደ ሆነ ለቅሶ እንዴት ይደረሳል?

ጥያቄው ለጨዋታ የቀረበ አይደለም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚገኘው የካማሺ ዞን ከዓባይ በስተ ደቡብ ከወለጋ ጋር ይዋሰናል። መስከረም 16 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዋዜማ፣ ከአሶሳ ስብሰባ ይመለሱ የነበሩ አራት የዞኑ ሹማምንት በመንገድ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በተነሣው ግጭት ብዙ ሕይወት ጠፋ፤ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ወለጋ ተሰደደ፤ በዞኑ ውስጥም ጉሙዞች ከየቀያቸው ተፈናቀሉ። መንገዱ በመዘጋቱም ርዳታ ለማድረስ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር።

በዚያን ወራት መርዶ በስልክ የመጣባቸው የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ቀብር ሊደርሱ አልቻሉም፤ በማግስቱ እንደ ወትሮው ከጠረጴዛቸው ተገኙ። እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናገር። አንድ ባልደረባዬ የወንድሙን መሞት ቢነግረኝ፣ «እግዜር ያጽናህ» ከማለቴ በፊት «ማን ገደለው?» ብዬ ጠየቅሁት። ተቈርቋሪነት መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና ሥራውን ቀጠለ። የየትኛው ወገን ተወላጅ እንደ ነበረ ለመስማት የሚጓጓ አድማጭ ቢኖር፣ የእኔኑ ስሕተት እየደገመ ነው።

ጥያቄዬ ኀዘንተኛውን ምስክር አደረገው። ገዳይን መርምሮ መቅጣት የዳኛ ሥራ ነው፤ ሊቀርም አይገባም። ነገር ግን ለቅሶ ቤት ችሎት አይደለም። ከወዲያኛው ወገን የሆነችውን እናት ማጽናናት ለገዳይ ምሕረት ማድረግ ነው የሚሉ አሉ፤ ልጇን የቀበረች ሴት በምን ጥፋት ተከሰሰችና?

የካማሺ ሽማግሌዎች ይህን መለየት ከእኛ ከከተሜዎቹ ይልቅ ያውቁበታል። በጉሙዝ ዘንድ ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ሽማግሌ ገብቶ የሚያስታርቅበት ማንጌማ የሚባል ሥርዐት አለ። በጉሙዝና በኦሮሞ መካከል ደግሞ ሚቹ የተባለ ወዳጅነት ኖሯል። ሚቹ ማለት በኦሮምኛ ወዳጅ ማለት ነው፤ ሁለት ቤተሰቦች በዚህ ከተሳሰሩ በኋላ በሥራ ይረዳዳሉ፣ በክፉ ቀን አንዱ ለሌላው መጠጊያ ይሆናል። ይህ ሁሉ ግጭቱን ሊያስቀር አልቻለም፤ እውነቱን መደበቅ አይገባም። በ2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥትና የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ፤ ፊርማ ግን ስለ እያንዳንዱ ሟች ለቅሶ አይደርስም።

በከተማ እድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሠልስት ይወጣል። ሬሳ በሩቅ አገር የቀረበት ሰው ግን ይህ ሁሉ ስለሚያልፈው፣ ጐረቤቱም ኀዘንተኛ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ቀኑ አለፈ ማለት አይገባም።

እኔ ከባልደረባዬ ቤት የሄድሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው። ስለ መዘግየቴ አልወቀሰኝም። ባለቤቱ ቡና አፈላች፤ ብዙ ጊዜም ዝም ብለን ተቀመጥን። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ፣ ሳልጠይቀው፣ ወንድሙ በዴዴሳ ወንዝ እንዴት ያለ ዓሣ አጥማጅ እንደ ነበረ ያወጋኝ ጀመር።