እንደ ገና ሊሠሩ የሚገባቸው የድሮ ጨዋታዎች የትኞቹ ናቸው?

ባለፈው ሳምንት ሦስት ጓደኛሞች ከሥራ ወጥተን ሻይ ስንጠጣ፥ አንደኛው ወዳጃችን ኮምፒዩተሩን ከቦርሳው አውጥቶ በዕድሜ ከራሱ የሚበልጥ አንድ ጨዋታ ከፈተልን። ሥዕሉ የደበዘዘ፥ በውስጡ የሚመላለሱት ሰዎች ከጥፍር የማይበልጡ፥ ጽሑፉም ዓይን የሚያደክም ነበር። ሁለተኛው ወዳጃችን ጥቂት ተመለከተና፥ «ምነው አንተ፥ ዐዲስ ተደርጎ እስኪሠራ ብትጠብቅ ምን አለበት?» አለው። ባለ ኮምፒዩተሩ ግን ቀና እንኳ ሳይል፥ «ዐዲስ እናደርጋለን ብለው ቢያበላሹትስ?» ሲል መለሰ። ክርክሩ ከዚህ ተነሥቶ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዘለቀ። እኛም በዚያ ማታ ተናግረን ያልጨረስነውን እዚህ ለመጨረስ አስበናል።

አንባቢ እንዳይሳሳት በመጀመሪያ ስለ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደምንናገር እንግለጽ። ነገራችን ኳስ ስለሚመታበት ወይም መኪና ስለሚሽቀዳደምበት የኮምፒዩተር ጨዋታ አይደለም። ተጫዋቹ እንደ ቴአትር ተዋናይ የአንድ ሰው ሚና ይዞ፥ የዚያን ሰው ስም፥ ችሎታና ጠባይ ራሱ መርጦ፥ በደራሲዎች በተፈጠረ ዓለም ውስጥ ስለሚኖርበት፥ ከነዋሪው ጋር ስለሚነጋገርበት፥ በፈረደውም መጠን ስለሚፈረድበት የሚና ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ ከጣት ይልቅ ዓይንን ያሠራል። በ1999 የወጣው ፕሌንስኬፕ ቶርመንት ብቻውን በውስጡ ያለው ጽሑፍ ወደ 800 ሺህ ቃል ይገመታል (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ይህን ያህል በትምህርት ቤት ብናነብ ኖሮ ፈተና ባልፈራን ነበር።

እነዚህን የድሮ ጨዋታዎች እየመረጡ ለዘመኑ ኮምፒዩተር ማዘጋጀት ዛሬ ትልቅ ንግድ ሆኗል። ነገር ግን ማደስ ሌላ፥ እንደ ገና መሥራት ሌላ ነው። ቤት የሚያድስ ሰው ግድግዳውን ለቅልቆ፥ ቆርቆሮውን ለውጦ ይገባበታል፤ እንደ ገና የሚሠራው ግን አፍርሶ ከመሠረቱ ይጀምራል። በ2006 የወጣው ኦብሊቪየን በ2025 ተመልሶ ሲመጣ የተደረገለት እድሳት ነበር፤ ውስጡ በአመዛኙ የቀድሞው ሆኖ መልኩ ተለወጠ። የ1997ቱ ፋይናል ፋንታዚ ሰባተኛ ግን ከመሠረቱ ተነሥቶ ተሠራ። በ2020 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል፥ በቀድሞው ጨዋታ ጥቂት ሰዓት ብቻ ይፈጅ የነበረውን የአንድ ከተማ ታሪክ ወስዶ ራሱን የቻለ ሙሉ ጨዋታ አደረገው፤ ሁለተኛውም ክፍል በ2024 ተከተለ።

እንግዲህ አፍርሶ መሥራት የሚገባው የትኛውን ነው ቢባል፥ ብዙ ሰው የሚመልሰው የሚወደውን ጨዋታ ስም በመጥራት ነው። ነጋዴውም ይህን ያውቃል፤ የተወደደው ይሸጣልና። በእኛ አስተያየት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይገባው ነበር። በደንብ የተሠራ ጨዋታ የተፈጠረበትን ጉዳይ ፈጽሟል፤ ይጠበቅ፥ ቢያስፈልግም ይታደስ እንጂ ለምን ይፈርሳል? እንደ ገና መሠራት የሚገባው ሐሳቡ ታላቅ ሆኖ ሳለ አካሉ የከዳው፥ ወይም ጊዜና ገንዘብ አጥሮት በጅምር የቀረው ነው።

በዚህ መለኪያ ከሁሉ በፊት የምናነሣው ያ ወዳጃችን ሻይ ቤት የከፈተውን ጨዋታ ነው። ስሙ አርኬነም ይባላል፤ የወጣውም በ2001 ነው። የሠራው ትሮይካ የተባለ ትንሽ የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን፥ መሥራቾቹ ቲም ኬይን፥ ሊዮናርድ ቦያርስኪና ጄሰን አንደርሰን ቀደም ሲል በ1997 የወጣውን ፎልአውትን ከሠሩት ሰዎች መካከል ነበሩ።

አርኬነም፥ አስማተኞችና ድንክዬዎች በሚኖሩበት የተረት አገር ላይ የእንፋሎት ሞተር የመጣ ዕለት ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ጨዋታ ነው። ፋብሪካው ይጨሳል፤ ባቡር ይሄዳል፤ ሽጉጥ ይሸጣል፤ ኦርክ የሚባሉት የተናቁ ፍጡሮች በፋብሪካ ጉልበታቸውን ይሸጣሉ። ታራንት በምትባለው ትልቅ ከተማ ጋዜጣ ይታተማል፤ ተጫዋቹም ገዝቶ ራሱ ስላለበት ጉዳይ የተጻፈውን ያነባል። ጋዜጣ ላይ የምንጽፍ እንደ መሆናችን ይህን ባየን ጊዜ ደስ እንዳለን አንሸሽግም።

የዚህ ዓለም ሕግ፥ አስማትና መካኒክነት በአንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው አይኖሩም የሚል ነው። በአስማት የበረታው ሰው ሞተሩን ያበላሽብናል ተብሎ ባቡር እንዳይሳፈር ይከለከላል። በመካኒክነት የበረታው ደግሞ በቈሰለ ጊዜ የፈዋሹ ድግምት አይሠራለትም። ማንም ተነሥቶ ስለ ሥልጣኔና ስለ ልማድ ዲስኩር አያደርግም፤ ተጫዋቹ የመረጠው መንገድ ምን እንዳስከፈለው የሚረዳው ቲኬት መቍረጫው መስኮት ላይ ቆሞ «አይቻልም» ሲባል ነው። የማሰብ ችሎታው ዝቅ ያለ ሰው ሆኖ የገባም እንደ ሆነ ንግግሩ ሁሉ እንደዚያው ይሆንና ሰዎች ሌላ መልስ ይሰጡታል። ከዚያ ወዲህ ከወጡት፥ ሥዕላቸው ዓይን ከሚማርከው ጨዋታዎች ስንቶቹ እስከዚህ ድረስ አስበዋል?

ይህን ሁሉ ያሰበ ጨዋታ ግን መዋጋት አያውቅም። ውጊያው ወይ በተራ በተራ፥ ወይ ሳይቋረጥ እንዲሄድ ተደርጎ በሁለት መንገድ ተሰናድቷል፤ ሳይቋረጥ የሚሄደው ከፍጥነቱ የተነሣ ማን ማንን እንደ መታ ሳይታይ ያልቃል። ገና በጅማሬ የሚገኝ አንድ የጥቃት ድግምት ከሌላው ሁሉ ስለሚበልጥ የቀረውን መማር ከንቱ ድካም ሆኗል፤ መካኒኩ ግን ለብዙ ሰዓት ደካማ ሆኖ ይንከራተታል። የድንክዬዎቹ የብላክ ማውንቴን ማዕድን ጉድጓድ ደግሞ የታወቀ መከራ ነው፤ በውስጡ ያሉት የድንጋይ ፍጡሮች ሲመቷቸው የሚሰበረው የመታቸው ሰይፍ ነው። ወዳጃችን እዚያ ከገባ ሁለት ሳምንቱ ነበር።

ትሮይካ ሦስት ጨዋታ ብቻ ሠርቶ በ2005 ተዘጋ። የአርኬነም አሳታሚ የነበረው ሲዬራ በ2008 ከእናት ድርጅቱ ጋር ወደ አክቲቪዥን ገባ፤ አክቲቪዥንን ደግሞ በ2023 ማይክሮሶፍት ገዛው። ማይክሮሶፍት የፎልአውትን ባለቤት ቤቴዝዳን ቀድሞ በ2021 ጠቅልሎት ስለ ነበር፥ የእነዚያ ሦስት ሰዎች ሁለቱ ሥራዎች ከብዙ ዘመን መለያየት በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተዋል ማለት ነው። አንደኛው ቴሌቪዥን ላይ ሳይቀር ወጥቶ ዓለም አወቀው፤ ሁለተኛው በመዝገብ ቤት ተኝቷል። ገንዘቡ ያለው ድርጅት ውጊያውን ከመሠረቱ አፍርሶ ቢሠራው፥ ቃሉንና ሕጉን ግን ባይነካው፥ እኛ በበኩላችን ከወር ደመወዛችን ለመክፈል ዝግጁ ነን።

ሁለተኛው ምርጫችን በ2004 ኦብሲድየን የሠራው ሁለተኛው ናይትስ ኦቭ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ ነው። ስለ ስታር ዎርስ ዓለም የሚናገር ቢሆንም ያንን ፊልም ላላየ ሰውም የሚሆን ነገር አለው። ክሬያ የምትባል አንዲት አሮጊት መምህርት ከተጫዋቹ ጋር ትጓዛለች። በአንድ ከተማ ለማኝ ወደ ተጫዋቹ ቀርቦ ገንዘብ ይለምናል። የሰጠው እንደ ሆነ፥ ለማኙ በተቀበለው ገንዘብ ምክንያት በሌሎች ችግረኞች ሲደበደብ ክሬያ በራእይ ታሳየዋለች፤ የከለከለው እንደ ሆነ ደግሞ ያው ለማኝ ተስፋ ቈርጦ ሌላውን ሲመታ ታሳየዋለች። በዚህ ላይ ክርክር ትገጥመዋለች፤ ተጫዋቹም መልስ መምረጥ አለበት። በየቀኑ በመንገዳችን ላይ እጅ ሲዘረጋልን ለምናይ ሰዎች ይህ ተራ ጨዋታ አይደለም።

ይሁንና ጨዋታው ለገና ገበያ እንዲደርስ ተቻኵሎ ስለ ወጣ መጨረሻው ተቈራርጦ ቀረ። የቀሩት ንግግሮች ግን ድምፃቸው ሳይቀር ከጨዋታው ፋይሎች ውስጥ ተገኙ፤ አፍቃሪዎቹም ያለ ደመወዝ ለዓመታት ደክመው ብዙውን መልሰው ሰፉት። ይህንኑ የተመለሰውን ክፍል አስፓየር የተባለው ድርጅት በሌላ መሣሪያ ላይ ሊያወጣ ቃል ገብቶ በ2023 ሰረዘው። የሚያስገርመው፥ በ2021 እንደ ገና ይሠራል ተብሎ የታወጀው የ2003ቱ የመጀመሪያው ጨዋታ ነው፤ ያም ሙሉ ሆኖ የወጣውና ብዙ ሽልማት ያገኘው መሆኑ ነው። የጐደለው ተትቶ የሞላው ይሞላል።

የማይነካውንም እንናገር። ቀደም ብለን የጠቀስነው ፕሌንስኬፕ ቶርመንት ውጊያው ደካማ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ሰው ወደዚያ የሚገባው ለማንበብ ነው፤ በ2017 የተደረገለት እድሳት ፊደሉን አጥርቶ ለዘመኑ መስኮት አስተካክሎታል፤ ይበቃዋል። በ1985 ሪቻርድ ጋሪየት የሠራው አራተኛው አልቲማ ደግሞ ከወዳጆቻችን ጋር ያጣላን ነው። በዚህ ጨዋታ የሚገደል የክፉዎች አለቃ የለም፤ ተጫዋቹ የሚደክመው እውነተኛነትን፥ ርኅራኄን፥ ትሕትናንና ሌሎቹን ጨምሮ ስምንት ምግባራትን ለመፈጸም ነው። ዓይነ ስውር የሆነች ባለ ሱቅ አለች፤ ተጫዋቹ ዕቃ ወስዶ ስንት ሳንቲም እንደሚያስቀምጥላት ራሱ ይወስናል። ቢያታልላት ማንም አይጮኽበትም፤ ጨዋታው ግን በምስጢር ይመዘግብበታል። ወዳጆቻችን ይህ እንደ ገና ይሠራ አሉ። እኛ ፈራን። የዛሬ ሠሪ ምግባሩን ሁሉ በመስኮቱ ጥግ ላይ በቍጥር ሳያሳይ አይቀርምና፤ ያን ጊዜ ሰውየው ለሴትዮዋ ሳይሆን ለቍጥሩ ይከፍላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። የጨዋታው ዋና ጽሕፈት፥ ማለት ባለሙያዎቹ ኮድ የሚሉት፥ በየቤቱ እየጠፋ ነው። በ2002 የወጣውን ሁለተኛውን አይስዊንድ ዴል ለማደስ የፈለገው ቢምዶግ ኮዱን ፈልጎ አጣ። ቲም ኬይንም ከቀድሞው አሠሪው ከኢንተርፕሌይ ሲወጣ የያዘውን የፎልአውት ቅጂ እንዲያጠፋ ታዝዞ እንደ ነበር ተናግሯል፤ በ2025 ከኢንተርፕሌይ መሥራቾች አንዷ የነበረችው ሬቤካ ሃይነማን ቅጂው በእርሷ ዘንድ እንዳለ እስከ ገለጸችበት ጊዜ ድረስ የጠፋ መስሎ ነበር። የአንድ ሰው ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ ምን ይቀር ነበር?

እንደ ገና መሥራት ራሱ አሮጌውን የሚበላበት ጊዜም አለ። ዎርክራፍት ሦስተኛ የሚና ጨዋታ ባይሆንም፥ በ2020 ዐዲሱ ሲወጣ አሮጌውን የገዙት ሰዎች ሳይቀሩ በዐዲሱ ፕሮግራም እንዲገለገሉ በመደረጉ የደረሰው ቍጣ የሚታወስ ነው። በአንጻሩ በ1981 ለአፕል ሁለተኛ ኮምፒዩተር የተሠራው ዊዛርድሪ በ2024 ሲመለስ፥ ዲጂታል ኢክሊፕስ የቀድሞውን ኮድ ከሥር ትቶ ዐዲሱን ሥዕል ከላዩ ሠራበት፤ ተጫዋቹም በመስኮቱ ጥግ አሮጌው ጨዋታ አብሮ ሲሄድ ለማየት ይችላል። አርኬነምም እንዲህ ቢደረግለት ምን ይቸግራል?

ለራሳችንም የምንለምነው አንድ ነገር አለ። በላቲን ፊደል የተጻፉት የድሮ ጨዋታዎች በዘመኑ ልማድ አንዱን ፊደል በአንድ ባይት ይይዙ ነበር፤ አንድ ባይት ደግሞ ከ256 ምልክት በላይ አይለይም። የእኛ ከሀ እስከ ፐ ያለው ብቻ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመሩ ለሌላው ቦታ አይተርፍም። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የግዕዝን ፊደል ያስገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። ስለዚህ እንደ ገና የሚሠራ ጨዋታ ፊደላችንን ለመቀበል የሚከለክለው ነገር የለም፤ ሠሪዎቹ ጽሑፉን ማንም ተርጓሚ ሊከፍተው በሚችል ፋይል ቢያስቀምጡልን የቀረውን ሥራ የሚሠራ ወጣት አይጠፋም።

ይህን የምንለው በቤታችን ካየነው ተነሥተን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድማችን እኛ ስንጫወት አጠገባችን ተቀምጦ፥ «ምን አለችው? እሱስ ምን አላት?» ሲል ያመሻል። የክሬያንና የለማኙን ነገር እየተረጐምን በነገርነው ጊዜ፥ «ቆይ፥ አትጫን» ብሎ እጃችንን ያዘ። እኛ በአንድ አፍታ የመረጥነውን መልስ እርሱ እራት እስኪቀርብ ድረስ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆየና፥ «ስጠው፤ ግን ከዚያ ሸኘው» አለ። እንዲህ ያለው መልስ ከተዘጋጁት ውስጥ አልነበረም።

ወዳጃችንን ትናንት በስልክ ጠየቅነው። ከማዕድኑ ጉድጓድ አልወጣም፤ ሦስተኛው ሰይፉም ተሰብሯል።